ቀስ ባለ ቁጥር ዝም የምትል መኪና

ይታገሱ ሹፌር ነው። ሥራው ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም መመላለስ ነበር፤ አልፎ አልፎ ወደ ደምበጫ፣ መንገዱ ሲደርቅ ደግሞ ሽቅብ ወደ ደጋው ወደ ገበዝ ማርያም ይላካል። የቀጠረው የተራቆተ መሬት የሚያስከልልና ችግኝ የሚያፈላ የዕርዳታ ፕሮጀክት ነው። ቢሮው ፍኖተ ሰላም፣ ትልቁ የችግኝ ጣቢያው ቡሬ ጥግ። ሹፌር ብዙ ሰው ያውቃል ይላሉ፤ ይታገሱም ብዙ ሰው ያውቅ ነበር። ነገር ግን የሚያውቃቸውን ሁሉ የሚያውቃቸው ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ነው። ሰላም ይሉታል፣ ሰላም ይላል፣ ያልፋል።

ዕድሜው ከአርባ አምስት ዘልሏል። ሚስት ነበረችው፤ ለዘመድ ጥየቃ ብላ ባሕር ዳር ሄዳ እዚያው ቀረች። አልወለዱም። ከዚያ ወዲህ የሚኖረው ከአውቶብስ መናኸሪያው ጀርባ በተከራያት አንዲት ክፍል ነው። ማታ ሲገባ በመጀመሪያ ራዲዮኑን ይከፍታል፤ የሚናገረውን ለመስማት ሳይሆን ቤቱ ሰው ያለበት እንዲመስለው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ሌሎቹ ሹፌሮች ፈቃድ ሲሻሙ እርሱ ተረኛ ሆኖ መቅረቱን ራሱ ይጠይቃል። ባልደረቦቹ ሥራ ወዳድ ነው ይሉታል። እርሱም አያርማቸውም።

ከዓለም የቀረችው የሥጋ ዘመድ አንዲት ናት፤ ታላቅ እህቱ እልፍነሽ። እናታቸው ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እርሷ ናት። ቤቷ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ነው፤ መንገዱ ዳገቱን ጨርሶ ሜዳ ሲይዝ፣ በስተግራ በኩል። ይታገሱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ በዚያ ደጅ ያልፋል። ቆሞ ግን አያውቅም።

የማይቆመው ምሎ ነው። በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ከሚሠራበት ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ አባታቸው በሕይወት ሳሉ ማንም እንዳይነካት አደራ ያሉባት የጓሮ ዋንዛ ተቆርጣ ጉቶዋን አገኘ። እልፍነሽ ለአናጢ ሸጣት ቤቷን ቆርቆሮ አልብሳ ነበር። ይታገሱ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የንስሐ አባታቸው ቄስ ሃይለ ሚካኤልም ቆመው ሳሉ፣ ጉቶው ላይ እግሩን አድርጎ፣

"ከዛሬ ወዲያ ይህን ደጅ ብረግጥ፣ አንቺንም እታለም ብዬ ብጠራ፣ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ" አለ።

"ክረምት ሙሉ ዝናቡ አልጋዬ ላይ ሲወርድ አንተ የት ነበርህ?" አለችው። ሌላ አልተናገረችም።

በዚያ አገር እንዲህ ያለ መሐላ የንዴት ወሬ ሆኖ አይቀርም። የሰማው ሰው ብዙ ነው፤ የማለውም የሰማውም ይጠብቀዋል። ቄስ ሃይለ ሚካኤል ብቻ ወደ አስፋልቱ ሲሸኙት ክንዱን ይዘው፣ "ልጄ፣ ንዴትህ ሲበርድ ና፤ እፈታሃለሁ" ብለውት ነበር። ንዴቱ ዓመት ሳይሞላ በርዶ ነበር። እፍረቱ ግን አልበረደም፤ ዛሬ ነገ ሲል ዓመቱ በዓመት ላይ ተደራረበ።

ኋላ አዲስ አበባን ለቆ ሲመጣ ፕሮጀክቱ ፍኖተ ሰላም ላይ የሰጠው አንዲት አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ነበረች። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ የተቀደደ፣ ጭሷ የጠቆረ፣ ዳገት ስትወጣ ከሩቅ የምታጓራ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእህቱ ደጅ ሲያልፍ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት በዐይኑ ጠርዝ በሩ ላይ ሰው የቆመ መሰለው። በሦስተኛው እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። እልፍነሽ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጇን አላነሣችም፤ እርሱም አላነሣም። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ ፒክአፗ ዳገቱ ግርጌ ማጓራት ስትጀምር እልፍነሽ የያዘችውን ጥላ ትወጣለች፣ ይታገሱ ቀስ ይላል፣ ያልፋል። ይኸው ነው። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። ለእርሱ ግን ሳምንቱ የተንጠለጠለው በእነዚያ ሁለት ቀኖች ላይ ነበር። ጋራዥ ያለው ወዳጁ ንብረት ማርሚታውን ልበይድልህ እያለ ሲወተውተው፣ "ተወው፣ ለምጄዋለሁ" ይለዋል።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ አዲሲቷ መኪና መጣች።

ነጭ ናት፤ ዝቅ ያለች፣ መስታወቷ ሰፊ። ገንዘብ የሚሰጡት ሰዎች አካባቢ የሚጠብቅ ፕሮጀክት ጭስ እየተፋ መሄዱ አያምርም ብለው የላኳት ናት። በነዳጅና በባትሪ የምትሄድ ሃይብሪድ ነች ተባለ። ንብረት ሥራውን ጥሎ ሊያያት መጣና እጁን ወደ ኋላ አድርጎ አንድ ዙር ዞራት።

"ግማሿ ነዳጅ ግማሿ ባትሪ?"

"አዎ" አለ ይታገሱ።

"በቅሎ በላታ! እናቷ ፈረስ አባቷ አህያ።"

"እንደዚያ በለው።"

"በቅሎ ግን ዳገት ትችላለች። ይቺ ሆዷ መሬት ሊልስ ነው። ገበዝ ማርያም በምን ልትወጣላችሁ ነው፣ በጸሎት?"

የፕሮጀክቱ ባለሙያ ባንተአምላክ ሳቀ። ከደሴ የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ሲያስብ ጢሙን የሚጎትት ልጅ ነው። "ገበዝ ማርያም ስንሄድ ናፍጣ መኪና እንከራያለን" አለ።

"እንግዲያውስ ጭሱን ተከራያችሁት እንጂ መቼ ተዋችሁት" አለ ንብረት፤ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ።

አሮጌዋ ፒክአፕ በጨረታ ወጣች። አንድ የቡሬ የበቆሎ ነጋዴ ገዛት። ይታገሱ ቁልፏን ሲያስረክብ ወጣቱ የነጋዴው ሹፌር፣ "ጋሼ፣ ፍሬኗ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀው።

"ይይዛል። አንተ ብቻ አትሩጥባት" አለው።

በአዲሲቷ መኪና የመጀመሪያው ጉዞ ማክሰኞ ነበር። ባንተአምላክ አጠገቡ ተቀምጧል። ዳገቱን ሲያያዙት ሞተሯ ተነሣ፤ ድምፁ ግን ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ነው፣ ከመስታወቱ ውጭ የሚሰማ አይመስልም። አናቱ ላይ ወጥተው ሜዳውን ሲይዙ ይታገሱ እንደ ልማዱ እግሩን አነሣ። ያኔ ያቺው እምታዋ እንኳ ጠፋች። መኪናዋ እንደ ውሃ ላይ ታንኳ ትንሳፈፍ ጀመር። የእህቱ በር ተከፍቷል። ግቢው ውስጥ በርበሬ ተሰጥቷል፤ ቀዩ ዐይን ይወጋል። በሩ ላይ ግን ማንም የለም።

ወደ ወንዝ ወርዳ ይሆናል አለ በልቡ።

ዓርብም አልነበረችም። በቀጣዩ ማክሰኞ ይበልጥ ቀስ አለ፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሊቀድመው ጥቂት ነበር የቀረው። ከቆርቆሮው ሥር ጭስ ይወጣል። አለች ማለት ነው፤ ቤት ውስጥ አለች፤ አልታመመችም፣ እሳት አንድዳለች። ግን አትወጣም።

"ጋሽ ይታገሱ፣ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ለምን ቀስ ይላሉ?" አለ ባንተአምላክ።

"ከብት ይወጣል።"

"የት አለ ከብት?"

"አንዳንዴ።"

ባንተአምላክ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን እያየ፣ "ለመኪናዋስ ደግ አደረጉላት። ቀስ ባሉ ቁጥር ሞተሩ ይጠፋና በባትሪ ብቻ ትሄዳለች። ጠብታ ነዳጅ አትነካም" አለ። ደግሞ ጢሙን ጎተተ። "እውነቱን ለመናገር የተሠራችው ለከተማ ነው። መብራት ላይ ለሚቆም፣ ለሚነሣ፣ ለሚጨናነቅ። እንዲህ ባለ ገላጣ መንገድ ከሌላ ትንሽ የቤንዚን መኪና ብዙም አትለይም። ባትሪውም ሲሠራ ራሱን የቻለ ጭስ አለው፤ ጭሱ የሚወጣው ግን እኛ በማናየው አገር ነው።"

"ታዲያ ትሻላለች ወይስ አትሻልም?"

"ትሻላለች... መሰለኝ። እንደ አነዳዱ ነው። እንደ መንገዱም ነው። እኔም ለሪፖርቱ እሱን ነው የማጠናው።"

ይታገሱ ጆሮውን የሰጠው ለግማሹ ነው። ሐሳቡ በተከፈተውና ባዶ በሆነው በር ላይ ነበር።

መስከረም አልቆ ጥቅምት ገባ። ጤፉ ቢጫ እየሆነ መጣ። ይታገሱ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ሸሚዙን ቀይሮ ይነሣል፤ ለምን እንደሚቀይር ራሱም አይጠይቅም። ያልፋል፣ ቀስ ይላል፣ በሩ ባዶ ነው። ተመልሶ ክፍሉ ገብቶ ራዲዮኑን ይከፍትና ምክንያት ይፈልጋል። ሰው ነገር አድርሶባት ይሆን? መኪናው ሲያምር፣ መስታወቱ ሲሰፋ ጊዜ ኮራብኝ ብላ ይሆን? ወይስ ዓመታቱ በቃኝ አሰኟት? በቃኝ ብትል አይፈረድባትም፤ ያሳደገችውን ልጅ በመስታወት በኩል ስታየው ስንት ዓመቷ ነው። ክላክስ ቢነፋ ትወጣ ይሆን ብሎም አስቧል። ግን ክላክስ መንፋት መጥራት ነው፤ አልጠራሽም ብሎ ምሏል። ደግሞም ነፍቶ ባትወጣስ? ሳይጠራ ባትወጣ አንድ ነገር ነው፤ ተጠርታ ባትወጣ ግን የሚያጽናናው ምክንያት አይቀረውም።

አንዳንድ ጊዜ አሮጌዋን ፒክአፕ መንገድ ላይ ያገኛታል። በቆሎ እስከ አፏ ተጭና፣ ያንኑ ጥቁር ጭሷን ከኋላዋ እየጎተተች ትመጣለች። ወጣቱ ሹፌር መብራት ብልጭ አድርጎ ሰላም ይለዋል። ይሮጣል። ይታገሱ አትሩጥባት ማለቱን ያስታውስና ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ልቡ ግን በዚያች ጭሳም መኪና ይቀናል።

አንድ ዓርብ ብቻውን ሆኖ ዳገቱን ሲወጣ አንድ ሽማግሌ አህያ እየነዱ የአስፋልቱን መካከል ይዘው ይሄዳሉ። ይታገሱ ይለቁልኛል ብሎ ተጠጋ። አልለቀቁም። እግሩን አንሥቶ ተከተላቸው። ሽማግሌው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ለአህያይቱ የሆነ ነገር እያጫወቱ ይሄዳሉ። ኮፈኑ የአህያይቱን ጭራ ሊነካ ሲል አህያይቱ ዞራ አይታ ደነበረች፣ ጭነቱ ተንጋደደ፣ ሽማግሌውም በዱላቸው ኮፈኑን በኀይል መቱት።

"ምነው! እንደ ሌባ ከኋላ ትመጣለህ? ድምፅ የለህም?"

ይታገሱ ወርዶ ሲቀርባቸው አወቃቸው። የእህቱ ጎረቤት ይርሳው ናቸው። "አያ ይርሳው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንደምን ዋሉ?"

ሽማግሌው ዐይናቸውን አጥብበው አዩት። "ይታገሱ ነህ?"

"ነኝ።"

"በዚህች ነው የምትሄደው?"

"በዚህች ነው፣ ከመስከረም ጀምሮ።"

"ኧረ ያቺ አሮጌዋስ? ያቺን ማን ነው የሚነዳት?"

"ተሸጣለች። የቡሬ ነጋዴ ወሰዳት።"

ይርሳው ዱላቸውን መሬት ተከሉ። ከዚያ አንገታቸውን ነቀነቁ። "እንግዲያስ ያቺ ምስኪን የምታዝነው በከንቱ ነዋ" አሉ።

"ማን?"

"እልፍነሽ ነቻ! አንተው ነህ ብላ ነው የምትወጣ። ያቺ ጭሳም ዳገቱ ላይ ስታጓራ በርበሬዋን ሜዳ ላይ ጥላ ትወጣለች። ያ ልጅ ደግሞ ሽው ብሎ ያልፋል። ትናንት እንኳ ምን አለችኝ መሰለህ፤ 'ድሮ ቀስ ይልልኝ ነበር፤ አሁን ደጄ ሲደርስ ይባስ ይከንፋል፤ እንዲህ እስኪጠላኝ ምን በደልኩት' አለችኝ።"

ይታገሱ መኪናዋን ተደገፈ። "ሹፌሩን አታየውም እንዴ?"

"በምኗ? ዐይኗ ደክሟል እኮ፤ ሁለት ዓመት አለፈው። ከበሩ ላይ ሆና አስፋልቱ ላይ ያለውን ሰው አትለይም። ጆሮዋ ነው የሚያወጣት። አንተ በዚህች በቅሎህ ዝም ብለህ ስታልፍ በምን ትወቅ?"

"ይንገሩልኝ አያ ይርሳው። እባክዎን።"

ሽማግሌው ጭነቱን አስተካከሉ። "እኔ ብነግራት ለማጽናናት ያልኩት ይመስላታል" አሉ በመጨረሻ። "ደግሞም ስትምል ቆሜ ሰምቻለሁ። አንተ ራስህ ያመጣኸው ነው፤ ከአንተው አፍ ትስማው።" አህያይቱን ቸብ አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ አሁን ግን ዳር ይዘው፣ በየጥቂቱ ወደ ኋላ እየዞሩ።

ያን ማታ ባንተአምላክ ቢሮ አምሽቶ ሪፖርቱን ይጽፍ ነበር። ይታገሱ ቁልፍ ሊመልስ ገባና ሳይወጣ በሩ ላይ ቆመ።

"ሪፖርቱ ላይ ጭሱን ምን አልኸው?"

"ቀንሷል አልኩ። የፕሮጀክታችን ነዳጅ በግማሽ ቀንሷል።"

"አሮጌዋስ?"

"እሷማ የእኛ አይደለችም።"

"መንገዱ ላይ ግን አለች። ከበፊቱ የበለጠ ትሠራለች። በቀን ሁለቴ ትመላለሳለች።"

ባንተአምላክ ብዕሩን አስቀመጠ። አልተከራከረውም። "አውቃለሁ ጋሽ ይታገሱ። ከሪፖርቱ ወጣች እንጂ ከአየሩ አልወጣችም። ድሮ አንድ መኪና ነበረን፣ አሁን ሁለት ሆነ። ይህን ብጽፈው አለቆቼ የት ላይ እንደሚያስገቡት አይገባኝም።" ቀና ብሎ አየው። "ምነው፣ የሆኑት ነገር አለ? ፊትዎ ጥሩ አይደለም።"

"ደክሞኝ ነው" አለ ይታገሱ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ባንተአምላክ ቡሬ አድሮ ስለነበር ይታገሱ ሊያመጣው ብቻውን ወጣ። ሸሚዙን ቀይሯል። ዳገቱን ጨርሶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ቀስ አለ፣ ከዚያም የማያውቀውን አደረገ፤ በእህቱ ደጅ ትይዩ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመ። መኪናዋ ዝም አለች። እጁ መሪው ላይ ነው። ግቢው ውስጥ በርበሬው ተሰጥቷል፣ ቀጫጭን ጫጩቶች ዳር ዳሩን ይጭራሉ። እልፍነሽ በጓዳ በኩል ወጥታ፣ እርሱን ልብ ሳትለው፣ በርበሬውን በእግሯ ገልብጣ ተመልሳ ገባች። አርጅታለች። ከመኪና ሲታይ ይህን ያህል አይታወቅም ነበር።

እታለም ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ከንፈሩን ሰብስቦ ተቀመጠ።

ያኔ ከዳገቱ ግርጌ ማጓራቱ ተሰማ። አሮጌዋ ናት። ድምጿ እየጎላ፣ እየቀረበ መጣ። እልፍነሽ በርበሬ የነካ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ እየተቻኮለች ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ፒክአፗ አናቱ ላይ ብቅ አለች፤ በቆሎ ጭናለች፤ ሽው ብላ በይታገሱ አጠገብ አልፋ ጭሷን በሁለቱ መካከል ለቃ ወደ ቡሬ ሄደች። እልፍነሽ ድምፁን በጆሮዋ ተከትላ አንገቷን አዞረች። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ከጠፋ በኋላም ቆማ ቀረች።

ይታገሱ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እርሱ ካለፈ በኋላ ምን እንደምታደርግ አይቶ አያውቅም ነበር። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"እታለም።"

ቆማ ሰማች። "ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

ፊቷን ወደ ቡሬ እንዳደረገች፣ "አሁን አለፈ እኮ" አለች፤ ለማን እንደምትናገር የገባት አትመስልም።

"እሷን ሌላ ሰው ነው የሚነዳት። እኔ እዚህ ነኝ። በዚህች በነጯ።"

እልፍነሽ ከበሩ ተነሥታ፣ እጇን ወደፊት ዘርግታ፣ በበርበሬው መካከል እየረገጠች መጣች። ይታገሱ የመኪናውን በር ከፈተ።

"ቆይ" አለች። "እንዳትረግጥ። ምለሃል።" የአስፋልቱን ቦይ በእግሯ ዳብሳ አገኘችና ከወዲያኛው አፋፍ ላይ ቆመች። "ደጄ እስከ ቦዩ ነው። አስፋልቱ የመንግሥት ነው፤ እዚያ መቆም ትችላለህ።"

ወርዶ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመ። በመካከላቸው ያለው ቦይ በአንድ እርምጃ የሚታለፍ ነው።

"እታለም ብለህ ጠራኸኝ።"

"ጠራሁ።"

"አጥንቱስ?"

"እስካሁን አልወጋኝም።"

"ማታ ይወጋህ ይሆናል፤ ጎንህን አስጠንቅቅ" አለች። ሳቀች ለማለት ያስቸግራል፤ ግን አፏ ትንሽ ተከፈተ። ከዚያ አንገቷን አዘቀዘቀች። "ስንት ጊዜ አለፍህ በዚህች?"

"ከመስከረም ጀምሮ።"

"ቀስ ትል ነበር?"

"ከበፊቱ ይልቅ ቀስ እል ነበር። ቀስ ባልኩ ቁጥር ነው ድምጿ የሚጠፋ።"

"አንተ ቀስ ስትል እኔ ቤት ተቀምጬ፣ ያ ሲሮጥ ደግሞ እየወጣሁ" አለች እልፍነሽ። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዐይኗ አነሣችና በርበሬ እንደነካ ትዝ ሲላት መልሳ አወረደችው። "ምን ትሻላለች ብለው ነው ይቺን የሰጡህ?"

"ጭስ የላትም ይላሉ።"

"ጭሱማ ይኸው አሁን ጉሮሮዬ ውስጥ ነው።"

ንብረትም ባንተአምላክም ያሉት ትዝ አለው፤ ግን ያንን ለእርሷ መንገር እዚህ ላይ ምን ይረባል። "አባ ሃይለ ሚካኤል እፈታሃለሁ ብለውኝ ነበር" አለ። "ሰሞኑን እሄዳለሁ። ያኔ ደጅሽን እረግጣለሁ።"

"አልሰማህም" አለች ቀስ ብላ። "ግንቦት ላይ ዐረፉ። እስከ መጨረሻ ይጠይቁህ ነበር፤ 'ያ ልጅ አልመጣም?' ይሉ ነበር።"

በአጠገባቸው አንድ አውቶብስ አለፈ፤ ነፋሱ የእልፍነሽን ነጠላ አንሥቶ ወረወረው። ሁለቱም እስኪያልፍ ጠበቁ።

"ሌላ ቄስም ይፈታል ይላሉ" አለች።

"ይላሉ?"

"ይላሉ። እኔ እንጃ። የሰሙት እሳቸው ነበሩ።"

"እጠይቃለሁ።"

"ጠይቅ።"

ሊነግራት ያሰበው ብዙ ነበር፤ ሚስቱ መሄዷን፣ ራዲዮኑን፣ ማርሚታውን ለምን እንዳላስበየደ። እርሷም የምትነግረው ያላት ይመስላል። ይህን ያህል ዓመት የተዘጋ ነገር በቦይ ላይ ተሻግሮ እንዴት ይወራል። ስልኩ ጮኸ፤ ባንተአምላክ ነው፣ ቡሬ መንገድ ዳር ቆሞ እየጠበቀ ነው።

"ሂድ፣ ሰዎቹ ይቆጡሃል" አለች። "ዓርብ ስትመጣ ያንን ጡሩምባህን ንፋው። ከጠራኸኝ ወዲያ ምን ቀረህ።"

"እነፋለሁ።"

መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ጭራሽ የማይሰማ ነገር ነው፤ መሪውን አዙሮ እግሩን ጫን ሲያደርግ መኪናዋ ዝም ብላ ተንሸራተተች። እልፍነሽ ፊቷን ቀድሞ እርሱ ወደነበረበት አድርጋ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆማለች።

"ሄድህ?" አለች።

ብዙም አልራቀም ነበር። አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ፣ "ገና ነኝ" አላት።

ጥቂት ሄደ።

"ሄድህ ወይ?" አለች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

"ገና።"

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማም፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ግን በስፖኪዮው መስታወት አይቷል። እንደማትሰማው እያወቀ፣ ለሦስተኛ ጊዜ መለሰላት።